አልፈላ ያለው ጥንስስ

እናቴ በጥር ሞተች። ተዝካሯ በወጣ ማግሥት የአቦ ማኅበሯ ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ሙሴዋ የእናቴ የልብ ጓደኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው። «የእናትሽ ተራ ሐምሌ ነው። ቦታዋን ላንቺ እንስጥ ወይስ ለሌላ፣ ጠምቀሽ አሳዪንና እንነጋገራለን» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉት። ያቺን ፈገግታ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ቀልድ የለባትም።

ማኅበሩ አሥራ ሁለት ሴቶች ነው፣ ሁሉም መካኒሳ የኖሩ። በየወሩ ለአቦ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛዋ ዳቦና ጠላ ታቀርባለች። እናቴ ከዚያ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ያቺ ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጥታ ማየት አልችልም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ልንገራችሁ፣ እኔ ጠላ ጠምቄ አላውቅም። እናቴ ስትጠምቅ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ጌሾ ወቅጫለሁ፣ ብቅል አስጥቻለሁ፣ ውሃ አመላልሻለሁ። ጋኑ ውስጥ ግን እጄን አስገብቼ አላውቅም። «አንቺ አርፈሽ አትቀመጪም፣ ታኮመጥጪብኛለሽ» ትለኝ ነበር።

እናቴ ጋኗን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥብና በወይራ ጭስ ታጥነው ነበር። ያ ጋን ቤቷ ሲፈርስ ተሰብሯል። እኔ የምኖረው ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ክዳን ያለው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ። ፕላስቲክ አይታጠንም፣ ይቀልጣል። ግራዋም ሰፈራችን የለም። እናም በራሴ ብልሃት በጭሱ ፋንታ በበረኪና ሞልቼ አሳደርኩት። ከዚህ በላይ ምን ንጽሕና አለ ብዬ ኮራሁ እንጂ!

ካለቀለቅሁት በኋላ የተወቀጠ ጌሾና ትንሽ ብቅል በውሃ በጥብጬ ከደንኩት። ጥንስስ የሚባለው ይኼ ነው። በሁለተኛው፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን አረፋ ይዞ መፍላት አለበት። ሦስተኛው ቀን መጣ፣ ምንም የለም። አራተኛው ቀን መጣ፣ ውሃው ዝም ብሎ ያየኛል። ኑሮዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ከስፌት መኪናዬ እየተነሳሁ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ አማስላለሁ፣ እከድናለሁ፣ አምስት ደቂቃ ሳልቀመጥ ደግሞ እነሳለሁ። የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ «ሕፃን ነው እንዴ ያስተኛሽው? ተዪው፣ ይተንፍስ» አለኝ።

«ባይተነፍስ አይደል ጭንቀቴ!» ብዬ ጮኽኩበት።

በአምስተኛው ቀን ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ወንፊቴን ልትመልስ ገባች። ስልጤ ናት፣ ሙስሊም፤ ጠላ ባፏ ዞሮ አያውቅም። ነገሩን ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ቀና አለች።

«እህቴ፣ ይኼ ነገር ሞቷል። በረኪና በረኪና ይላል።»

«አምስቴ አለቅልቄዋለሁ እኮ!»

«ወላሂ ገድለሽዋል። ቆጮ የሚቀበርበትን ጉድጓድ በሳሙና ታጥቢያለሽ? እኛ አገር አዲሱን ቆጮ ስንቀብር ካሮጌው ቆንጠር አድርገን እንጨምርበታለን። የሚያስነሳው እሱ ነው። አንቺ አሮጌም የለሽ፣ በራሱ የሚመጣውንም ፈጀሽው።» ከዚያ ፊቴን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስንት ቀን ቀረሽ?»

«ስድስት።»

«አብሽሪ። አሮጌ ፈልጊ።»

የዳቦ እርሾ ጣል ላድርግበት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን እናቴ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ አንዷ ማኅበርተኛ አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርጋ፣ «ዛሬ ዳቦ በብርጭቆ ነው?» ተብላ እስካሁን ይቀለድባታል። አሮጌ ድፍድፍ፣ ውሃ ያልገባበት ወፍራሙ የጠላ መሠረት፣ ማን ጋ እንዳለ ደግሞ አውቃለሁ። የሰኔ ተረኛ ራሳቸው ሙሴዋ ነበሩ።

በርሜሉን ሽንት ቤት ደፍቼ፣ ባዶ ጀሪካን ነጠላዬ ሥር ሸጉጬ በዝናብ ወደ መካኒሳ ወረድኩ። በራቸውን ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ለጎረቤት ነው ልበል? ለመድኃኒት ነው ልበል? በሦስተኛው ገባሁ። ምስር እየለቀሙ ነበር።

«ነጠላሽ ሥር ምንድነው?»

«ጀሪካን ነው፣ እማማ።»

«ምን አበላሸሽ?»

ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ጠፋብኝ። «በርሜሉን በበረኪና አጠብኩት።»

ምስሩን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «የእናትሽን ጠላ ሆስፒታል አስገባሽው በይኛ!» እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሡና ከጋናቸው ድፍድፉን ቀዱልኝ። ከጓዳም አንድ እንስራ አወጡ። «ያንን በርሜል ልብስ ዘፍዝፊበት። በዚህ ጥመቂ። ከመረግሽው በኋላ ደግሞ እየከፈትሽ አትነካኪው።» ስለ ቦታው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ታክሲ ውስጥ እንስራውን ታቅፌ ስገባ ረዳቱ ወደ እንስራው እየጠቆመ «እማማን ጠጋ በሉላቸው!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

እንስራውን ከሕንፃው ሥር ባለው የጋራ ማድ ቤት አጠንኩት። አሮጌውን ድፍድፍ አዲስ ከበጠበጥኩት ጌሾ፣ ብቅልና ቂጣ ጋር ቀላቅዬ፣ ጎረቤቴ ባመጣችው አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በማግሥቱ ጫፉ ላይ አረፋ አየሁ፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ውሃውን ጨምሬ አፉን በሊጥ ስመርገው ደግሞ ባሰብኝ። አሁን ማየት አይቻልም። ለማልፈልገው ክር ጎፋ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ፣ «ነካሽው?» ትለኛለች። «አልነካሁም!» እላታለሁ። «እጅሽን አሳዪኝ» ትላለች፣ ሊጥ ይኖርበት እንደሁ።

የአቦ ዕለት ቀዳሁት። ጉሽ ነው፤ ደፍረስ ያለ፣ ሁለት ቀን የሚቀረው። ሌላ አልነበረኝም፤ አቀረብኩ። አሥራ አንዱም ቀመሱና ተያዩ።

«ጉሽ ነው» አለች አንዷ።

«ጉሽ ነው፣ ግን በረኪና አይልም!» አለች ሌላዋ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሙሴዋ ለሁሉም ነግረዋል። ፊቴ ጋለ፤ ማሰሮውን ይዤ መሀል ወለል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሙሴዋ አልሳቁም። ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው እስከ ሥሩ ጠጡና ዘረጉልኝ።

«ድገሚ።»

ደገምኩ። ስቸኩል ምንጣፉ ላይ አፈሰስኩ።

ጽዋው ለነሐሴ ተረኛ ሲሻገር እንኳ ስለ እናቴ ቦታ የተናገረ የለም። ጸሎቱ አለቀ። ሙሴዋ ወደ እኔ ሳያዩ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «የነሐሴዋ ወገቧን ታማለች። ጌሾውን አንቺ ሄደሽ ትወቅጪላታለሽ» አሉ።

ማኅበርተኛ ለማኅበርተኛ እንጂ እንግዳ ለማን ጌሾ ይወቅጣል? ነገሩ ገባኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ብድግ አልኩ። «መቼ ልሂድ? ነገ ልሂድ?»

«ኧረ ገና ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። «ተቀመጪ እስቲ፣ አንቺ ሰው!»