ልጅቱን ጠይቋት አልኩ

እኔ ብዙ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ ያየውን ግን አልረሳም። የጎረቤቴ የዘነቡ ልጅ ትርንጎ ስኳር በሽታ አለባት፤ ገና ዐሥረኛ ክፍል ናት። አምና ሁለት ወጣቶች መጥተው ራሳቸው የሠሩትን አንድ ነገር ስልኳ ላይ ጫኑላት። ጣቷን ወግታ የለካችውን ስታስገባ፣ ስኳሯ ከወረደ ለቅርብ ሰው መልእክት ይልካል። ዘነቡ ማንበብ ስለማትችል የኔ ቁጥር ተመዘገበ። እኔ እንኳ ፊደሉን ቀስ እያልኩ እለቅማለሁ።

ሰሞኑን «ምን ይሻሻል?» ብለው ተመልሰው መጡ። ዘነቡን ጠየቁ፣ እኔን ጠየቁ፤ ልጅቱ እፊታቸው ተቀምጣ ዞር ብሎ ያያት የለም። ደሜ ፈላ!

«እናንተ ልጆች፣ በመርፌ የምትወጋው እሷ! ሰው ሲጾም ሰዓቷን ጠብቃ የምትበላው እሷ! አፍ የላትም እንዴ?»

ዘነቡ ጎሸም አደረገችኝ። «ኧረ ተይ አበሩ፣ እንግዶች ናቸው።»

«አልተውም! መልእክቱ በመጣ ቁጥር ስኳር ቋጥሬ ‹ትርንጎ ልትወድቅ ነው!› እያልኩ ትምህርት ቤት ክፍሏ ድረስ የምሮጥ እኔ! ለማኅበርተኛው ሁሉ ነግሬ የማስጸልይላት እኔ! ታዲያ እኔ ካልተናገርኩላት ማን ይናገርላት?»

አንደኛው ወጣት አፍሮ ወደ ልጅቱ ዞረ። «እሺ እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እንቀይርልሽ ብንል፣ ምን ይሁን?»

ትርንጎ ቀና አለች።

«የእትዬ አበሩን ቁጥር አጥፉልኝ።»