የሰንዓ ዳቦ፣ የመርካቶ ኢንሹራንስ

ከሰንዓ የወጣሁ ዕለት፣ ሊመሽ ሲል፣ እናቴ በር ላይ ቆማ በአማርኛ ሸኘችኝ። «ሂጂ፤ ዞረሽ እንዳታዪ» አለችኝ። እሷ መርካቶ ተወልዳ ያደገች፣ አባቴን አግብታ የመን የገባች ናት። አማርኛዬም የእሷ ነው። አባቴ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ እሱን ጥላ መምጣት አልቻለችም። ባሕሩን በጀልባ ተሻገርኩ፤ ያንን የቀመሰ ያውቀዋል፣ አልደግመውም። ከጅቡቲ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ።

እናንተ እዚያ የቀራችሁ የሐበሻ ልጆች፣ ክረምቱን ተዘጋጅታችሁ ኑ! ሰንዓ ላይ ዝናብ ሲጥል ደስ ብሎን ጣሪያ ላይ እንወጣለን፤ እዚህ ጭቃው ጫማ ይውጣል። እንጀራውም መጀመሪያ ሲጎመዝዘኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምውጠው። ሰዉ ግን ስሜን ሳይጠይቅ «በላሽ ወይ?» ይለኛል።

የማውቀው ሙያ መጋገር ነው። መለዋሕ፣ ያ ድርብርቡ ቂጣችን፣ እዚህ ይሸጣል ብዬ መርካቶ ውስጥ፣ ጨርቅ ከሚሸጥበት ከዱባይ ተራ ጀርባ ጠባብ ሱቅ አገኘሁ። የቤቱ ባለቤት ሐጂ ከድር የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ናቸው።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ዳቦ፤ በጋዝ ምድጃ።»

«እሳት? በጨርቅ መሐል?» ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ለጎረቤት ጭምር የሚሆን ኢንሹራንስ ሳትገቢ ቁልፍ የለም።»

ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። መዝጋቢው ቀና ሳይል «ዜግነት?» አለኝ።

«በእናቴ ኢትዮጵያዊት፣ በአባቴ የመናዊት።»

«እህቴ፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«እንግዲያው እናቴን ጻፍልኝ» አልኩት።

ሱቁን እንድታይ መሠረት የምትባል ባለሙያ ተላከች። በዝናብ፣ በፕላስቲክ ጫማ መጣች። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች። «ይሄ ቺፑድ ነው። ከጀርባው ማን አለ?»

ከጀርባው እትዬ ጥሩነሽ አሉ፤ ጨርቅ የሚሸጡ የጎጃም ሰው። ሱቃቸው አንድ ጊዜ ተቃጥሎባቸው፣ ኢንሹራንስ ስላልነበራቸው ባዶ እጃቸውን ቀርተው ያውቃሉ። ምድጃ ልተክል መሆኑን ከሰሙ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም ነበር።

«አልፈርምም» አለች መሠረት።

«ካሳውን የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁ? ምን አስጨነቀሽ?» አልኳት ተናድጄ።

«ገንዘብ እንከፍላለን። ሰው ውስጥ ቢሆንስ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ሲሊንደሩ ውጭ በብረት ሳጥን፣ የእሳት ማጥፊያ በር ላይ፣ ግድግዳው በብሎኬት። ይህንን ጽፋ ሰጥታኝ ሄደች። ያን ዕለት ጠላኋት፤ ዛሬ ግን እንደሷ ያለ ሰው በየሱቁ በተላከ እላለሁ።

ሳጥኑን፣ ማጥፊያውንና ብሎኬቱን መግዛት ቻልኩ። ግንበኛው ግን የእትዬ ጥሩነሽ መደርደሪያ ካልተነሣ አይሠራም አለ። እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ገበያ ነው። ማን ደፍሮ ሱቅዎን ይዝጉ ይላቸዋል? ሐጂ ከድር ለግንበኛው በከፈቱት ሱቅ ውስጥ እያለቀስኩ ዕቃዬን ልሸክፍ ስል እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ግንበኛው ነግሮኛል። ነይማ፣ ጣቃውን ያዥልኝ።»

«እትዬ፣ ገበያዎስ?»

«ገበያ ይመለሳል። እኔ አንዴ ተቃጥያለሁ፤ ያኔ ያነሡኝ እነዚህ ናቸው» አሉ፣ ወደ ጎረቤቶቹ እያሳዩ። «አሁን የኔ ተራ ነው።»

ሐጂ ከድር እንኳ ኮታቸውን አውልቀው ጣቃ ተሸከሙ። ግድግዳው እስኪደርቅ እትዬ ጥሩነሽ ደጅ ላይ፣ በላስቲክ ሥር፣ የቻሉትን ያህል ሸጡ።

መሠረት ተመልሳ መጣች፤ አንኳኳች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ፈረመች። ቁልፌን ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ትኩስ መለዋሕ የእትዬ ጥሩነሽ ሆነ።

ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል? ያለ ቅቤ ጋገርሽላቸው?»

«በዘይት ነው የጋገርኩት፣ እማ።»

«ጎሽ።»

«አባባን ይዘሽው ነይ።»

«መንገድ አይችልም፣ ልጄ። እስቲ ስልኩን ወደ ውጭ አውጪው፤ መርካቶን ልስማ» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ መንገዱ ዘረጋሁ። ተሸካሚዎቹ «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ፤ የታክሲው ረዳት «ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጮኻል፤ አዛን ጀመረ። እጄ እስኪዝል ያዝኩት። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው ድምፅ የለም። መስመሩ ተቋርጦ ይሁን ወይ ገና እየሰማች፣ አላወቅኩም። መልሼ ዘረጋሁት።