የተኛችው ጣውንት

እንጀራ እናቴ ቀናተኛ ነበረች። ይህን የምለው ሙት ልወቅስ ፈልጌ አይደለም፤ ራሷም «እኔ ቅናት አለብኝ፤ ምን ታመጣላችሁ!» እያለች በአደባባይ የምትናገረው ነገር ነው። ልብስ ሰፊ ስለነበረችና መለኪያዋ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይላታል። እኔ እትዬ ነበር የምላት። የሚገርመው በሕይወት ባለች ሴት ቀንታ አታውቅም። ቆንጆ ቆንጆ መበለቶች አባቴ ሱቅ በር ላይ ቆመው ሲሽኮረመሙ እያየች «ወንበር ስጣቸው እንጂ፣ እግራቸው ይዝላል» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። የምትቀናው በአንዲት ሴት ብቻ ነበር፤ እሷም ሞታለች። እናቴ ናት።

አባቴ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነበር። ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ካለው ድንጋይ ሁሉ ሰፊውን መረጠና በቀኝ በኩል ስሟን ቀረጸ፤ ግራውን ግን አለስልሶ ባዶውን ተወው። ለማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አብረው ማረፍ የሚፈልጉ ባልና ሚስት እንደዚያ ነው የሚያሠሩት፤ የቀረው ተራው ሲደርስ ስሙ ይሞላል።

እትዬ አባቴን ስታገባ ስለዚህ ድንጋይ የነገራት አልነበረም። ከተጋቡ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ አባቴ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ሲወጣ ተከተለችው። ባዶውን ግማሽ አየች። ያ አልበቃ ብሎ፣ ባሏ ድንጋዩን እያጠበ «ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወለቀ፤ ጣራውን አሠራሁት፣ አሁን አያፈስም» እያለ ወሬውን ሲያስነካው ሰማች። ቤት ስትገባ ቆሽቷ አሮ ነበር።

«ለኔ ሲሆን አፍህ ይታሰራል፤ ለድንጋይ ሲሆን ወሬው ከየት ይመጣል?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ አባቴ።

«ከጎኗ ልትተኛም ቦታ ይዘሃል!»

«ድንጋዩ የተሠራው አንቺ ሳትመጪ ነው።»

«ይኸው አሁን መጣኋ!»

አባቴ መሮውን አነሳ። ነገር ሲከብደው መሳል ይጀምራል፤ የዚያን ቀን እስኪመሽ ሲስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ቤታችን ውስጥ ገባች ማለት ይቀላል። እትዬ፣ የሞተ ሰው ሁሉን ያያል ብላ ነው ያደገችው። እናቴ ደግሞ ግድግዳው ላይ በፎቶዋ ተሰቅላ ድስቷን ማን እንደሚያነሳ፣ አልጋዋ ላይ ማን እንደሚተኛ ትከታተላለች። ሳህን ከእትዬ እጅ ቢያመልጥ «ይኸው ጀመረች!» ትላለች። ድስቱን ስታጥብ ወደ ፎቶው ዞራ «ምን ታፈጫለሽ? እያጠብኩት ነው» ስትል ሰምቻለሁ። በየዓመቱ አዲስ ልብስ ስትሰፋልኝ ወንበር ላይ ታቆመኝና ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ትለካኛለች፤ «ይቺ ልጅ መርዘም እንጂ መስፋት አታውቅም» እያለች። ልብሱ ሲያልቅ እጄን ይዛ ፎቶው ፊት ታዞረኛለች፤ «እስቲ ያንቺ እጅ እንዲህ ይሰፋ ነበር?» እኔም አብሬ እዞራለሁ። ምን ላድርግ፤ ልብሱ ያምር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባት ነበር። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ «እማዬ!» ብዬ ነው የምጮኸው። ስፌቷን ጥላ እየሮጠች ትመጣለች፤ ቃሉን ስትሰማ ግን በሩ ላይ ቀጥ ትላለች። «እማዬማ ብትጠሪያትስ መቼ ትመጣለች? ያለሁት እኔ። የቱ ጋ ነው ያመመሽ?» ትለኛለች። ቁስሌን ስታጥብ እጇ ለስላሳ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደጠቆረ ይውላል።

ከደንበኞቿ መካከል መጽሐፍ ቅዱስ ከቦርሳቸው የማይለይ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። አንድ ቀን ቀሚስ ሊያሳጥሩ ሲመጡ እትዬ ከፎቶው ጋር ስትነታረክ ደረሱ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣዪው፣ ልጄ?»

«ከጣውንቴ ጋር ነው፣ መምህር።»

«ጣውንት አለሽ እንዴ?»

«ያቻት፤ ግድግዳው ላይ። ስታየኝ ትውላለች።»

መምህርት መነጽራቸውን አደረጉና ከመጽሐፈ መክብብ አነበቡላት። ሕያዋን እንደሚሞቱ ያውቃሉ፤ ሙታን ግን አንዳች አያውቁም። ፍቅራቸውም ጥላቸውም ቅንዓታቸውም ጠፍቷል። ጌታም አልዓዛር ሲሞት «ተኝቷል» ማለቱን ነገሯት። «እንቅልፍ ነው፣ ልጄ። እሷ አታይሽም፤ አትሰማሽም።»

«ቅናታቸውም ጠፍቷል ነው የሚለው?»

«ቅናታቸውም።»

የእትዬ ልብ ቅቤ ጠጣ። ቀሚሱን በነጻ አሳጠረችላቸው። ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ግን መርፌዋን እንደያዘች አሰብ አደረገችና «ቆይ፣ እኔ ይህን ያህል ስቀናባት እሷ ጭራሽ አትቀናብኝም ማለት ነው?» አለች። ትንሽ ከፋት።

ማታ ራት ላይ ክርክር እንደረታ ሰው ደረቷን ነፍታ ለአባቴ ነገረችው። «አንዲት ቃልህን አልሰማችም! መጽሐፉ ነው የሚለው!»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

«ካወቅክ ለምን ታወራለህ?»

«ስለማትሰማ ነዋ። ላንቺ ሳወራ መልስ አለው።»

ቢሆንም ቤቱ ሰላም ሆነ። ሳህን ሲሰበር ሳህን ተሰበረ ይባል ጀመር። ፎቶውን በየሳምንቱ ታብሰዋለች፤ አንዳንዴም ረስታው ታልፋለች። ይህ ሰላም የዘለቀው መምህርት ሌላ ቀሚስ ይዘው እስኪመጡ ነው። ያን ቀን ከዮሐንስ ወንጌል አነበቡ፤ በመቃብር ያሉት ሁሉ በትንሣኤ ቀን የጌታን ድምፅ ሰምተው ይወጣሉ።

«ሁሉም?» አለች እትዬ።

«ሁሉም።»

«እሷም?»

«እሷስ ሰው አይደለችም? የተኛ ይነቃል።»

እትዬ ጣቷን በመርፌ ወጋች። የሞተች ጣውንት አንድ ነገር ናት፤ የተኛች ጣውንት ግን ሌላ ነገር ሆነችባት። ባሏ ከዚያች ሴት ጎን ሊተኛ ነው፤ በዚያ ቀን ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የሷን ፊት ነው። መምህርት ሊያጽናኗት ሰባት ወንድማማቾችን ተራ በተራ ያገባችውን ሴት ታሪክ ነገሯት፤ በትንሣኤ ማግባትም መጋባትም የለም አሏት።

«እንግዲያ የሷም አይሆንማ!» ብላ ፈነጠዘች። ቆየት ብላ ደግሞ «የኔም አይሆንም ማለት ነው?» አለች።

መምህርት ቀሚሳቸውን ሳያሳጥሩ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ባዶው የድንጋይ ጎን ሆነ። «አበባ ቅረጽበት» ትለዋለች፤ እምቢ ይላል። «ጥቅስ ጻፍበት፤» እምቢ። «ስለዚህ ከጎኗ ቦታ ይዘሃል ማለት ነው!» መሮ ይስላል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። እኔ አደግኩ፤ ሙያዋን ተማርኩ፤ ከጎኗ በሁለተኛው የስፌት መኪና ተቀመጥኩ። ሠላሳን አልፌም ለልደቴ ልብስ ስትሰፋልኝ ትለካኝ ነበር፤ «እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ አልረዝምም» ብላትም አትሰማኝም።

ከዚያ ሆዷን አመማት። ሐኪሞቹ ከፍተው አዩና መልሰው ዘጉት። ቤት በተኛች በሳምንቱ አባቴንና እኔን ጠራችን።

«ያንን ባዶውን በኔ ስም ሙላው» አለችው። «ፊደሌ ከሷ ፊደል እንዳያንስ።»

አባቴ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። «እኔስ?»

«አንተ ድንጋይ ጠራቢ ነህ፤ ድንጋይ አይቸግርህም።»

አባቴ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የታመመ ሰው አይቆጡም ይላሉ፤ እኔ ተቆጣሁ። «ምነው እትዬ! ከአፈር በታች እንኳ አትለቂያትም? በመሃላቸው ለመግባት ነው?»

«እሱም አለበት» አለች ሳታፍር። «ነይ ቁጭ በይ። እናትሽ ምንም አታውቅም፤ አይደል?»

«አዎ፣ አታውቅም።»

«ስትተኛ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስድስት።»

«ስትነሳ ታዲያ ማንን ነው የምትፈልገው?»

«እኔን ነዋ» አልኩ።

«የስድስት ዓመት ልጅ ነው የምትፈልገው። ጥርስሽ መውለቁን አልሰማችም። አባትሽ በየእሑዱ የለፈለፈውን አንዱንም አልሰማችም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ልጄን እያለች ስትሮጥ፣ አንቺ ፊቷ ቆመሽ ታልፍሻለች። አባትሽ እንደሆነ እንባ ይቀድመዋል፤ ቃል አይወጣውም። ስለዚህ ከጎኗ የምነሳው እኔ ልሁን። እጇን ይዤ ‹ያቻትልሽ፤ እዚህ ድረስ ረዝማለች› እላታለሁ።» እጇን ከአልጋው ልታነሳ ሞከረች፤ ከፍ አልልላት አለ። «ልኩን የማውቀው እኔ ነኝ። በየዓመቱ የለካሁሽ እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም! ይህንንም እነግራታለሁ።» የድሮው ቅናት ዓይኗ ውስጥ ብልጭ ሲል አየሁት።

«እማ…» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ተይ። እሱ የሷ ነው። ስትነሳ የመጀመሪያውን ‹እማዬ› እሷ ትስማው።» ትንሽ ትንፋሽ ወሰደች። «ሁለተኛውን ለኔ በይው።»

አባቴ ስሟን በባዶው ጎን ቀረጸው። ፊደሉን በራሷ ሜትር ለካሁት፤ ከእናቴ ፊደል ጋር እኩል ነው። አሁንም እሑድ እሑድ ባልዲውን ይዞ ይሄዳል፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ውኃውን የምቀዳለት እኔ ነኝ። ድንጋዩን እያጠበ ለሁለቱም ወሬውን ይነግራቸዋል፤ ለራሱ ድንጋይ ገና እንዳልመረጠ ሳይቀር። አንዳንዴ ዞር ይልና «አንቺም እስቲ አንድ ነገር በያቸው» ይለኛል።

«አይሰሙም እኮ፣ አባዬ» እለዋለሁ።

እኔ ያለኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሲነሱ በተራ እላቸዋለሁ።