ድጋሚ የተቆጠሩት አሥራ አንድ ስላይዶች

ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ «እቆጥራለሁ» ነበር። ምን እንደምትቆጥር ከሰማ በኋላ ግን አብሯት ምሳ ለመብላት የሚቸኩል ሰው አልነበረም፤ አይፈረድበትም። የምትቆጥረው የአይጥ አንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳትን ነው። አንጎሉ ከራስ ቅሉ ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ይጠነክራል፣ ከወረቀት በሳሳ ልክ ይቆራረጣል፣ ቀለም ይጠጣል፣ ከዚያም ስላይድ በሚባለው ጠባብ መስታወት ላይ ተለጥፎ እሷ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። እሷም ዓይኗን ደፍታ፣ ቡናማ ቀለም የያዘ ሕዋስ ባየች ቁጥር በግራ እጇ የያዘችውን መቁጠሪያ በአውራ ጣቷ ቀጭ ታደርጋለች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

የፎርማሊን ሽታ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ትራስ ላይ ሳይቀር ይጋባል። ባሏ ደግ ሰው ነውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከመተኛት በቀር ምንም ብሏት አያውቅም። ሽታውስ ይሁን። የሚያንገሸግሻት ማቀዝቀዣው ነበር። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የአይጥ አንጎል በየብልቃጡ ተደርድሯል፤ ከሥሩ የአለቃዋ እርጎ ይቀመጣል። አለቃዋ ፕሮፌሰር ነው። ያን ያህል የተማረ ሰው የእርጎ ማንኪያውን የሚልሰው አንጎል በሚቆራረጥበት ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው። ቱ!

ሥራው ግን የተከበረ ሥራ ነው፤ ይህን ማንም አይክድባትም። ከአንጎል ሥር፣ እፍኝ የማይሞሉ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል እያመነጩ «ተንቀሳቀስ» የሚለውን መልእክት ያቀብላሉ። እነሱ መሞት ሲጀምሩ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ወለሉ ላይ ይጣበቃል፣ ፊት መሳቅ ያቅተዋል። ሐኪሞች ፓርኪንሰን ይሉታል። እስካሁን ያሉት እንክብሎች የጎደለውን ዶፓሚን ይተካሉ እንጂ የሚሞተውን ሕዋስ አያተርፉም። የፕሮፌሰሩ አዲስ መድኃኒት ግን ሕዋሱን ራሱን ከሞት ይጠብቃል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። አርባ ስምንት አይጦች ሕዋስ ገዳይ መርዝ ተወጉ፤ ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተሰጣቸው። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ፣ እሱን ባገኙት አይጦች አንጎል ውስጥ በርከት ያለ ሕዋስ በሕይወት ይገኛል። ካልሠራ አይገኝም፤ በቃ። ያን ሁሉ የሚለየው የእሷ ቀጭ ቀጭ ነው።

ስለዚህም ቆጣሪ የትኛው አይጥ ምን እንደተሰጠው ማወቅ የለባትም። ስላይዱ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፤ የቁጥሩን ፍቺ የያዘው ዝርዝር ታሽጎ መድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ይቀመጣል። ሕጉ ይሄ ነው። የዚህኛው ሙከራ ዝርዝር ግን «እዚያ ይጠፋል» በሚል ሰበብ ፕሮፌሰሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ ትንፍሽ ያለ የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ነው መሰለኝ።

ሰውየውን የላብራቶሪው ሰዎች ከጀርባው «አነሰችብኝ» ነበር የሚሉት። የቆጠራ ውጤት ስትወስድለት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያያል፣ ያሰላስላል፣ ከዚያ አንዳንዷን ስላይድ ቢጫ ወረቀት ለጥፎ ይመልስላታል። «ይቺ አነሰችብኝ፤ እስቲ ድገሚያት» ይላል። ወይም «ይቺ በዛችብኝ።» ድምፁ እንደ ቅቤ ነው፤ ተቆጥቶ አያውቅም።

የእሷም ጉድ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከሕዋሳቱ መካከል ሞትና ሕይወት መሃል የቆሙ አሉ፤ ቀለማቸው የገረጣ፣ ጠርዛቸው የተሸረፈ። ቢቆጠሩም ያስኬዳል፣ ቢዘለሉም ያስኬዳል። ስላይዷ «አነሰች» ተብላ ስትመለስ ገርጣዎቹን ትቆጥራቸዋለች፤ «በዛች» ስትባል ትዘላቸዋለች። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። «ያኔ ደክሞኝ ነበር፣ ተሳስቼ ይሆናል» እያለች ራሷን ትደልላለች፤ የተስተካከለውን ቁጥር ትጽፋለች፤ ሻይዋን ትጠጣለች። አንድ ነገር ብቻ ደህና ልማድ ነበራት፦ የደገመችውን ስላይድ ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነፊተኛው ቁጥር፣ ደብተሯ ላይ ትመዘግባለች።

ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። ይህ በሽታ ከያዘው ሦስት ዓመት ሆኖታል። በቀን አራት ጊዜ እንክብሉን እየዋጠ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ ከሰዓት በኋላ ደህና እየሰፋ ይኖር ነበር። «ማሽኑም ይንቀጠቀጣል፣ እኔም እንቀጠቀጣለሁ፤ ተግባብተናል» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጎራ ስትል ማሽኑ ተሸፍኗል። እሱ ወንበር ላይ እንደ ግንድ ደርቆ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይዘላል።

«ጋሼ፣ ምነው? እንክብልህን አልወሰድክም እንዴ?»

«ትቼዋለሁ» አለ። ፊቱ መሳቅ ቢያቅተውም ድምፁ ይስቅ ነበር። «የእናንተን አዲሱን መድኃኒት በሰው ሊሞክሩት ነው። እኔም ፈርሜያለሁ። መጀመሪያ ግን አሮጌው ከሰውነትህ ይውጣ አሉኝ፤ ሦስት ሳምንት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።»

«ሳትነግረኝ?»

«ምን ልንገርሽ? አንቺ አይደለሽ የቆጠርሽው? ሐኪሙ አይጦቹ ላይ እንዴት እንደሠራ ሊያስረዳኝ ሲጀምር፣ ‹ተወው፣ ቆጣሪዋ እህቴ ናት› አልኩት። እንዴት ኮርቼ እንደፈረምኩ ብታይ!»

ሰበብ ፈጥራ ወጣች፤ ቀጥ ብላ ላብራቶሪ። የምርምር ጽሑፉ ታትሞ ስለወጣ ዝርዝሩ አሁን ተከፍቶ መደርደሪያው ላይ፣ ለማንም በሚታይ ቦታ ነበር። እስከዚያ ቀን ልታየው አልፈለገችም። ደብተሯን ከጎኑ ዘረጋችና በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች። የተመለሱላት ስላይዶች አሥራ አንድ ናቸው። «አነሰች» የተባሉት ሰባቱ አንድም ሳይቀር መድኃኒት ያገኙ አይጦች። «በዛች» የተባሉት አራቱ አንድም ሳይቀር የጨው ውሃ።

መጸዳጃ ቤት ገብታ አስታወከች። ሰውየውን ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ራሷን ነበር የተጸየፈችው። ያ አውራ ጣት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመነችው አውራ ጣት፣ ማንም ሳያዝዘው የጌታውን ፊት እያየ ሲቆጥር ኖሯል።

በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛዋን አንድ ነገር ለመነቻት። «የእኔ እህት፣ እነዚህን አርባ ስምንት ስላይዶች ቁጥራቸውን በወረቀት ሸፍኚልኝ። ከዚያ ደባልቂያቸውና በራስሽ ምልክት አድርጊባቸው። ምልክቱን ለእኔ እንዳታሳዪኝ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ?»

«ስለማታውቂ ነው የመረጥኩሽ።»

ሴትየዋ ሳቀች፤ ግን በጥንቃቄ ሠራችው። ቆጣሪዋም አራት ቀን ከወንበሯ አልተነሳችም። ገርጣዎቹን በሙሉ በአንድ ሕግ፣ አንዱንም ሳትቆጥር አለፈቻቸው። በአራተኛው ቀን ምልክቱ ተፈታ። መድኃኒት ያገኙትና የጨው ውሃ ያገኙት እኩል ነበሩ። እኩል! መድኃኒቱ አንዲት ሕዋስ አላዳነም።

ፕሮፌሰሩን ያገኘችው እርጎውን ሲበላ ነው። ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ልዩነት የለም፣ ፕሮፌሰር። ያሳተሙት ስህተት ነው።»

መስመር በመስመር አየውና ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ገፋው። «ደክሞሻል። ጥቂት ቀን እረፊ።»

«ሰዎች እኮ እንክብላቸውን አቁመዋል!»

«አንብበው፣ በፈቃዳቸው ፈርመው ነው። ደግሞ አዲሱ አይጎዳቸውም።» ማንኪያውን ላሰ። «ለመሆኑ እኔ አንድም ቀን ቁጥር ቀይሪ ብዬሻለሁ? እስቲ ንገሪኝ። ቁጥሩን የጻፈው የማን እጅ ነው?»

አላላትም። እውነቱን ነው፤ የሚያቅለሸልሸውም እውነት መሆኑ ነው። ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ያልበዋል፤ ይህ ሰው ግን እጁን ሳያቆሽሽ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ በሰው አውራ ጣት ዋሽቶ እርጎውን ይበላል። አይጎዳቸውም አለ! ከመቀመጫው መነሳት ያቃተው ሰው፣ ራሱን ማጉረስ ያቃተው ሰው፣ ለካ ምንም አልተጎዳም። አንድ ቃል ብትናገር በጥፊ እንደምትለው ስለገባት ወረቀቷን አንስታ ወጣች።

ወደ ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ማመልከቻውን በትሕትና ተቀብላ ማኅተም መታችበት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው፤ ትናንት ተሰብስቦ ተበትኗል።

ወንድሟ ቤት ስትደርስ ለእሱ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሚስቱ ሥራ ሄዳለች። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ደረቱ ተከፍቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ልትቆልፍለት እጇን ስትዘረጋ፣ ከመንካቷ በፊት መናገር እንዳለባት ተሰማት። አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ስለ ገርጣዎቹ፣ ስለ ቢጫው ወረቀት፣ ስለ ደብተሩ።

«ስንት ጊዜ?» አለ።

«አሥራ አንድ።»

«እያወቅሽ?»

«ማወቅ ሳልፈልግ።»

«እንክብሌ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። አምጪልኝ።»

አመጣችለት። ብርጭቆውን ልትይዝለት ብትል በክርኑ ገፋት። ውሃው ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ እንክብሉን ግን ዋጠው።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አለ። «እኔስ ጣልኩ፤ እህት አለችኝ፣ መጥታ ነገረችኝ። ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ?»

«ሃያ ሁለት ሰው ነን። ሐኪሙ በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ተዋወቅን። ግማሾቹ እንክብሉን ማቆም ፈርተው ነበር። ‹አይዟችሁ፣ የቆጠረችው እህቴ ናት፣ እሷ ከምትዋሽ ፀሐይ በምዕራብ ብትወጣ ይቀላል› ብዬ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።» ስልኩን በሚዘለው እጁ ወደ እሷ ገፋው። «ቁጥራቸው እዚህ አለ። እኔ አልደውልም። አንቺ ነሽ የምትደውዪው፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

የመጀመሪያው ቁጥር የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበር። ያነሳችው ሚስቱ ናት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«የልብስ ሰፊው እህት ነኝ። የ… ላብራቶሪ የምሠራው።»

«ውይ! ቆጣሪዋ? አንቺ ነሽ እንዴ? ዓይንሽ ይባረክ፣ እናቴ! ይኸው ካልጋ መነሳት አቅቶታል፤ ቢሆንም ሦስት ሳምንት ምን አላት፣ ለሚድንበት ነገር ብለን ችለነዋል። ቆይ ቆይ፣ አትዝጊ፣ ጆሮው ላይ ላድርግለት። ሊያመሰግንሽ ስንት ቀኑ!»

አንዳች ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የሽማግሌው ትንፋሽ መጣ፤ ቀጥሎም ከንፈሩና ምላሱ አልታዘዝ እያሉት የሚታገል ድምፅ፦ «እ… እግ… እግዜ…»

«አባባ፣ አያመስግኑኝ» አለችው። «ቁጥሩን የዋሸሁት እኔ ነኝ።»