አሥራ ሦስት ቁጥር

ባለፈው ጳጉሜ የሆነ ነው። አሁንም ቀን በቁጥር ብቻ ተጽፎ ሳይ ሁለቴ አነበዋለሁ።

ከዚራ ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ። የቀጠሮውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግጥም እንደምጽፈው ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ የለመድኩት ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ነጃት የቀጠሮውን ቀን ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ያነብና የዕለቱን ተራ ያወጣል፣ ለታካሚውም መልእክት ይልካል።

ጳጉሜ 3 ረፋዱ ላይ ነጃት ጮኸች። "አቦ፣ ና እስቲ! ኤዶ ሐሊማ ተራው ላይ የለችም! በእጄ ነው እኮ የመዘገብኳት።"

ከፍቼ አየሁ። ለሌሎቹ "ጳጉሜ" ብላ በፊደል ጽፋለች። ኤዶ፣ አክስት፣ ለምትላት ለሐሊማ ግን ቸኩላ 3/13 ብላለች፤ አሥራ ሦስተኛው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ማለቷ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ወር ከአሥራ ሁለት አያልፍም ብሎ ቁጥሮቹን ገልብጦ "ቀጠሮዎ ኅዳር 13 ነው" የሚል መልእክት ልኮላታል። ቀን የምታነበዋን የፕሮግራም መስመር ከኢንተርኔት ሳላጣራ የቀዳሁት እኔው ነኝ። ስለ ጳጉሜ ግጥም የጻፍኩ ሰው!

የኤዶ ሐሊማ አንድ ዓይን ጠፍቷል፤ የቀረውንም ሞራ እየሸፈነው ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም እንግዳ ነው፤ ያን ዕለት ከሰዓት በአውሮፕላን ይመለሳል። ስልኳ ላይ ደወልን፤ ዝግ ነው።

በመልክ ስለማላውቃት አድራሻዋን ከካርዷ ላይ ይዤ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ደጁ ላይ ካለው የዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠች ሴት እግር ረግጬ፣ ይቅርታ እንኳ ሳልል ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሁሉ ጎርፍ ሊያይ ድልድዩ ላይ ቆሟል። ባጃጇ አላልፍ ስትል ወርጄ እየተጋፋሁ ሮጥኩ።

ቤቷ ስደርስ ልጇ ግራ ገብቷት አየችኝ። "እማዬማ ከጠዋት ጀምሮ እናንተ ጋ ናት። መልእክቱን ባነብላት 'ነጃት በአፏ ጳጉሜ ብላኛለች፤ ስልክ ምን ያውቃል?' ብላ ወጣች።"

ትንፋሼ እየተቆራረጠ ተመለስኩ። ጥላው ሥር ያለችው ሴት እንደተቀመጠች ናት።

"ኤዶ ሐሊማ? ለምን አልገባሽም?"

"ስሜን ሲጠሩ ልግባ ብዬ ነዋ። ማን ጠራኝ?" ወደ ድምፄ ዞረች። "ወሪያ፣ አንተ ልጅ! ቅድም እግሬን የረገጥከኝ አንተ አይደለህ? በጫማህ ኮቴ አወቅኩህ።"

"እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።"

"በል አንተ ቅደም፤ መጀመሪያ ያንተን ዓይን ይዩልህ!"

ነጃት እየሳቀች ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ሐኪሙ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት በመጨረሻ ለእሷ ቀዶ ሕክምናውን ሠራላት።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታላት በር ላይ ቆሜ ነበር። ዓይኗን ደጋግማ አርገበገበች፤ ከዚያ ወደ እግሬ አየች። "ይሄ ነው ጫማው?" አለች።

ፕሮግራሙን ያንኑ ቀን አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን አሥራ ሦስትን ያውቃል። እኔ ግን ዛሬም አልረጋሁም። የክሊኒኩን በር ባለፍኩ ቁጥር ጥላው ሥር ያሉትን አንድ በአንድ ስማቸውን እጠይቃለሁ።