ሊፍቱ ያልደረሰለት ፎቅ

አባቴ ወልድያ መሀል ከተማ ያሠራው የቢሮ ሕንፃ ባለ አምስት ፎቅ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ቀና ብሎ የሚያየው አይኖርም። በእኛ ሰፈር ግን «ፎቁ ጋ ወራጅ አለ» ከተባለ ባጃጁ ሌላ ሳይጠይቅ እሱ በር ላይ ይቆም ነበር።

ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስና አባቴ ያልተጨቃጨቁበት ነገር የለም። መሐንዲሱ ፊቱ ሰማያዊ መስታወት ይሁን አለ፤ አባቴ ሳይወድ እሺ አለው። ደረጃው ላይ ግን ንቅንቅ አላለም። አልጋ የተሸከሙ ሰዎች ግድግዳ ሳይነኩ እንዲዞሩበት ሰፊ ይሁን አለ። «የሚከራየው ቦታ በደረጃ አለቀ እኮ!» ቢለው፣ «ዕድሜዬን ዕቃ ሳወጣና ሳወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተሸካሚ ክንድ የሚልጥ ደረጃ አላሠራም» ብሎ ዘጋው። ግራና ከምትባል ትንሽ ከተማ መጥቶ፣ ከሸክም ተነስቶ በመለዋወጫ ሱቅ ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ በተሸከመው ነገር ማን ይከራከረዋል?

በደረጃው መሀል ከምድር እስከ ጣሪያ የሊፍት ጉድጓድ ተተወ። ሊፍቱ ታዟል፣ ይመጣል ተባለ። ጣሪያው ላይ ደግሞ ለስድስተኛው ፎቅ የታሰቡት ፌሮዎች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። እኛ ጋ ሕንፃ ያልቃል እንጂ አለቀ ተብሎ አያውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው ሊያዝ ነው ሲባል በእግራችን ወጣን። ሲሪንቃን፣ መርሳን፣ ውርጌሳን አልፈን ሄድን። የአባቴ ጉልበት ድሮም ያመው ነበር፤ ያ መንገድ ጨረሰው።

ስንመለስ መስታወቱ ረግፏል፣ የቢሮዎቹ በር ተነቅሏል፣ የአራተኛው ፎቅ አንድ ጥግ በከባድ መሣሪያ ተቦድሷል። መሐንዲሱ መጥቶ ከላይ እስከ ታች አየው። ምሰሶዎቹ ደህና ናቸው፣ ጥጉ ይጠገን አለ፤ ተጠገነ። የድሮ ተከራዮች ቁልፍ ሊጠይቁ መጡ።

አባቴ እምቢ አለ። «እኔ ወጥቼ በዓይኔ ያላየሁት ፎቅ ላይ የሰው ልጅ አላስገባም።»

ሊፍት የለም፣ ጉልበት የለም፣ እሱ ግን መውጣት አለበት። አንድ ሁለት ደረጃ ይሞክርና ላብ አጥምቆት ቁጭ ይላል። በዚህ መሀል ሦስተኛው ፎቅ ላይ የነበረችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን የሰው በረንዳ ላይ ዘርግታ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጨርቋን ታቅፋ ትሮጣለች። ባሏ ከተማው በተያዘበት ጊዜ ሞቶባት ልጆቿን የምታበላው በዚያች መኪና ነው። እሷን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

«ግትርነትህ እኮ ሰው እየጎዳ ነው፤ መሐንዲሱ አይቶት የለ እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ፎቁ ቢወርድባትስ?» አለኝ። «ለልጆቿ መሐንዲሱ አይቶት ነበር ልበላቸው?»

ንዴቴ ግን አልበረደም።

መላ የመጣው ከቅሬያችን ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ያገሩን ሰው ሲታመምም ሲሞትም የሚሸከም እሱ ነው። ሰብሳቢው ሽማግሌ አባቴን ሊጠይቁ መጥተው ነገሩን ሰሙ። «ወላሂ፣ ይኼ ነው የቸገረዎት? ቃሬዛው ምን ሊሠራ ተቀምጧል?» አሉ።

በማግስቱ የቅሬው ጎረምሶች ቃሬዛውን ይዘው ቤታችን መጡ። አባቴ ቁጭ ብዬ ልሂድ ብሎ ነበር። «ጋሼ፣ ሲቀመጡ ያዘነብላል፤ ይተኙልን» አሉት፤ ተኛ። ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ አንደኛው አዝኖለት ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገለት።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ የሆነውን ማንም አላሰበውም። የቅሬው ቃሬዛ፣ የተሸፈነ ሰው፣ እኔ ከኋላ። ባለ ጎማ ቤቱ ሥራውን ጥሎ ኮፍያውን አወለቀ። ሱቆቹ ተራ በተራ በራቸውን ዘጉ። ልብስ ሰፊዋ ከበረንዳው ተነስታ ነጠላዋን ዘቀዘቀችና «ወይኔ ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

አባቴ ጋቢውን ገልጦ ቀና አለ። «አለሁ! ገና ነኝ! ሱቃችሁን ክፈቱ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አንዱ፤ መንገዱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ልብስ ሰፊዋ ግን ማልቀሷን አላቆመችም። ባሏ የተቀበረው በጥድፊያ፣ ጓሮ ውስጥ ነበር። ያኔ ቃሬዛ የሚያወጣ ቅሬ፣ በር የሚዘጋ ሱቅ አልነበረም። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ በእኛ መንገድ እንዲያ የቀበረ እሷ ብቻ አልነበረችም።

«አውርዱኝ» አለ አባቴ። መንገድ ዳር አስቀመጡት። «አልቅሺ ልጄ፤ እንጠብቅሻለን» አላት። ሌሎችም ከበቧት፤ አብረው አለቀሱ። ለቅሶው እስኪበቃቸው ድረስ ሱቆቹ አልተከፈቱም። አባቴም ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ፎቁ ላይ አወጡት። ቃሬዛው በየመዞሪያው ግድግዳ ሳይነካ ዞረ። አባቴ ምሰሶውን ሁሉ በመዶሻ እየመታ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ፤ የተጠገነውን ጥግ በመዳፉ ዳሰሰ። ጣሪያው ላይ ፌሮዎቹ መሀል ተቀምጦ ወደ መርሳ የሚወርደውን መንገድ ለብዙ ጊዜ አየ። ሲወርድ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ በእጁ ሰጣት።

ቃሬዛው እኛ ጋ ይቆይ ብሎ ቅሬውን አስፈቀደ። ሊፍቱ እስኪመጣ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቁም አለ፤ ቆመ። ደረጃ ያቃተው ባለጉዳይ ሲመጣ ጎረምሶቹ ከየሱቁ ተጠርተው ያወጡት ነበር።

ሊፍቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። በተከታዩ ክረምት ቃሬዛውን ከጉድጓዱ ያወጡት አባቴን ሊሸኙበት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሱቆቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ልብስ ሰፊዋ ከሦስተኛው ፎቅ፣ በዚያ ሰፊ ደረጃ እየሮጠች ወረደች። ሁላችንም ጋቢውን እያየን ትንሽ ቆምን፤ ክፈቱ የሚል ግን አልነበረም።