ጋሽ አስራት ያልነኩት ወረቀት

የሥዕል መምህራችን ጋሽ አስራት በዚህ ወር መጀመሪያ ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። እኔ መርዶውን የሰማሁት ደካ ከተማ፣ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ነው። ጠመኔውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

እናንተ ለምታውቋቸው ስለ ደግነታቸው ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኪራ ጫካ ይዘውን ይወጡ ነበር። ወረቀት ለሌለው ከራሳቸው ወረቀት ቆርጠው ይሰጣሉ። ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጫካውን ሳናይ ብሩሽ አያስነኩንም፤ «እጅ ችኩል ነው፤ ዓይን ይቅደም» ይሉናል።

አንድ ክረምት ለዞኑ ኤግዚቢሽን የማንኪራን ጫካ በውኃ ቀለም ሣሉና እንዲደርቅ ክፍል ውስጥ ትተውት ወጡ። በቦንጋ ክረምት ወረቀት ቶሎ አይደርቅም። እኔ የሥዕሉ መሀል ነጭ ሆኖ ሳየው የቀራቸው መሰለኝ። ልርዳቸው ብዬ በአረንጓዴ ዛፍ ሞላሁት! ሲመለሱ ረጅም ጊዜ አዩት። እንባዬ መጣ።

«ልጄ፣ ዛፉ እዚያ እንዳለ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «የዚያን ዕለት ግን ጉሙ አላሳየኝም። በውኃ ቀለም ስንሥል ነጭ ቀለም የለንም፤ ነጫችን ያልነካነው ወረቀት ነው።»

ሥዕሉን አልጣሉትም። ከስማቸው ሥር የእኔን ስም ጽፈው ለኤግዚቢሽኑ ሰጡት። ሰው ሲጠይቃቸው «ዛፎቹ የእሷ ናቸው። ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ትቸኩላለች» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከኀፍረቴ የተነሣ ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ አበበች የመጨረሻ ሥዕላቸውን አወጡልኝ። ኮረብታው አለ፣ የዛፎቹ ጫፍ አለ። ከዚያ በታች ያለው ግማሽ ወረቀት ነጭ ነው።

«ሳይጨርሱት ሄዱ» አሉኝ። «ለአርባቸው እንድንሰቅለው አንቺ ጨርሽልን፤ ሌላ ማን አለ?»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ደካ ይዤው ተመለስኩ። ሦስት ቀን ቀለም በጥብጬ ፊቱ ተቀመጥኩ። እጄ እንደ ልማዱ ቸኮለ፤ እኔ ግን ማየት ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩት።

ጋሽ አስራት፣ ለአርባዎ ሥዕልዎን ይዤ እመጣለሁ። ለእትዬ አበበችም «ጨርሰውታል» እላቸዋለሁ። ስለ ያኔው ዛፍ ይቅር ይበሉኝ። ነፍስዎን ይማረው፣ አባቴ። በዚህኛው ጉሙን አልነካሁትም።